ማልዲቭስን በርካሽ፦ የአንድ ዕረፍት ፖለቲካዊ ታሪክ

በዚህች ከተማ ውስጥ በቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ የማልዲቭስን ፎቶ አንድ ጊዜ እንኳ ያልለጠፈ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ውሃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመች ጎጆ። ፎቶውን የምናየው የሎተሪ ማስታወቂያ በምናይበት ዓይን ነው። ይደርሰናል ብለን ሳይሆን ለሌላ ሰው እንደሚደርስ ስለምናውቅ። ምክንያቱም ዋጋውን ሰምተናል። በአንዳንዶቹ ሪዞርቶች የአንድ ሌሊት ሒሳብ የወራት ደመወዛችንን ጠራርጎ ይበላል። ከአየር ማረፊያው ወደ ሩቆቹ ደሴቶች የምታመላልሰው፣ ውሃ ላይ የምታርፈው ትንሽ አውሮፕላን ብቻዋን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ትጠይቃለች።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ማልዲቭስ ውድ የሆነችው ባሕሯ ስለሚያምር አይደለም። ውድ እንድትሆን ተወስኖባት ነው። ዛሬ በመጠኑም ቢሆን ለኪስ የምትቀርበው ደግሞ ሌሎች ሰዎች ሌላ ነገር ስለወሰኑ ነው። ስለዚህ ዕረፍት የምታቅዱ ወዳጆቻችን የሆቴሎቹን ድረ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ትንሽ ታሪክ ብታነቡ ገንዘብ ትቆጥባላችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ እያሰላን አናድክማችሁ።)

ለነገሩ ደሴቶቹ ለዓለም ገበያ እንግዳ አልነበሩም። እኛ አገር ለጌጥ የምናውቀው ዓይነት ዛጎል ከማልዲቭስ ባሕር እየተለቀመ፣ በቤንጋል በኩል አልፎ፣ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛው ኢብን ባቱታ እዚያ ደርሶ ዳኛ ሆኖ ተሹሟል። ዳኛው ከወገባቸው በላይ ሳይሸፈኑ የሚሄዱትን የደሴቷን ሴቶች ለማልበስ ቢታገልም እንዳልተሳካለት ራሱ ጽፏል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው ታስፈልገናለች።

ከ1887 ጀምሮ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የቆየችው አገር ነጻነቷን ያገኘችው በ1965 ነው። ሕዝቡ በዓሣ ይተዳደር ነበር። በ1960ዎቹ የመጣ የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ደሴቶቹ ለቱሪዝም አይሆኑም ብሎ ደመደመ። መሠረተ ልማት አልነበረማ! በ1971 ግን ጆርጅ ኮርቢን የተባለ ጣሊያናዊ አስጎብኚ ሰው ያልደረሰበት ባሕር እያፈላለገ ኮሎምቦ ላይ አሕመድ ናሲም ከሚባል ወጣት የማልዲቭስ ኤምባሲ ሠራተኛ ጋር ተገናኘ። ናሲም በጭነት መርከብ ይዞት ሄደ። ኮርቢን ያየውን ወደደው፤ በየካቲት 1972 ሃያ ያህል ጣሊያናውያንን አስከትሎ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቱሪስቶች የት አደሩ? ሆቴል አልነበረም። ማሌ ከተማ ውስጥ፣ ናሲምና ጓደኞቹ ባሰናዷቸው መኖሪያ ቤቶች ነው ያደሩት። ያገሬው ሰው ያበሰለውን ዓሣ በሉ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተያዩ። የማልዲቭስ ቱሪዝም አንድ ብሎ የጀመረው በሰው ቤት ነው ማለት ነው።

የዚያው ዓመት መስከረም ካለፈ በኋላ ግን ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። ሞሐመድ ኡመር ማኒኩና ሁሴን አፊፍ ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ ኩሩምባ የተባለውን የመጀመሪያውን ሪዞርት ከፈቱ። ስሙ በአገሩ ቋንቋ ኮኮናት ማለት ነው። ሠላሳ ክፍሎች፣ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ፣ የዘንባባ ቅጠል ክዳን። ተጀመረ። በ1981 ሁልሁሌ ደሴት ላይ ያለው አየር ማረፊያ ተስፋፍቶ ከአውሮፓ የሚመጡ ትላልቅ አውሮፕላኖችን መቀበል ሲችል ደግሞ ጎርፉ መጣ።

ከ1978 እስከ 2008 አገሪቱን የመሩት ማሙን አብዱል ጋዩም ነበሩ። በሳቸው ዘመን የጸናው ደንብ በአጭሩ “አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት” ነው። ቱሪስት ሰው በሌለበት ደሴት ያድራል፤ ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶች ለሰዓታት ጎብኝቶ ይመለሳል እንጂ አያድርም። መልሱ ዝግጁ ነበር፦ አገሪቱ የሙስሊም አገር ናት፣ መጠጥና ቢኪኒ ባህላችንን ያበላሽብናል። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አንልም፤ ከልባቸው ያመኑበት ብዙዎች ናቸው።

ግን ሒሳቡን እንየው። ባዶ ደሴት ከመንግሥት በሊዝ ትወስዳላችሁ። የራሳችሁን ጄኔሬተር ትተክላላችሁ፣ የባሕሩን ውሃ ከጨው የሚለይ መሣሪያ ታስገባላችሁ፣ ለሠራተኛው ማደሪያ ትሠራላችሁ፣ ጀልባ ትገዛላችሁ። አብዛኛው ምግብ ከውጭ አገር ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚችለው ወይ ባለሀብት ነው ወይ ከባለሀብት ጋር የሚበላ። ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ እንግዳው ነው፤ ቁርሱንም፣ ውሃውንም፣ ጀልባውንም ከአንድ ሻጭ ብቻ ይገዛልና። ማዶ ያለው ዓሣ አጥማጅ ማታ ማታ የሪዞርቱን መብራት ያያል። ሁለት ክፍል ቀለም ቀብቶ “የሚከራይ” ብሎ መለጠፍ ግን አይችልም። ልጁ ሪዞርት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሴት ልጁንማ ብዙ ቤተሰብ ርቃ እንድታድር አይፈቅድም ነበር። “ባህልን መጠበቅ” የተባለው ነገር ሲመነዘር ገበያውን ለጥቂቶች መጠበቅ ሆነ ብንል ማጋነን አይመስለንም።

የጋዩም ዘመን የተሰነጠቀው ከቱሪስት ዓይን በተሰወረች ደሴት ነው። ማፉሺ ትባላለች፤ የምትታወቀው በእስር ቤቷ ነበር። በመስከረም 2003 ኢቫን ናሲም የተባለ የ19 ዓመት እስረኛ እዚያ በጠባቂዎች ተደብድቦ ሞተ። እስረኞቹ ሲያምጹ ተተኮሰባቸው፤ ሌሎችም ሞቱ። ማሌ በተቃውሞ ተናጠች። ጫናው እያደገ ሄዶ በ2008 አገሪቱ የመጀመሪያውን የመድብለ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አካሄደች፤ ብዙ ጊዜ ታስሮ የነበረው ሞሐመድ ናሺድ አሸነፈ።

አዲሱ መንግሥት ከገባቸው ቃሎች አንዱ ደሴቶቹን የሚያገናኝ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሠራ የሕዝብ ጀልባ ነበር። በ2009 ደግሞ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ ቤት መክፈት ተፈቀደ። ሁለቱን ደምሩና ዛሬ “ማልዲቭስ በርካሽ” የሚባለውን ነገር ታገኛላችሁ። የናሺድ መንግሥት በ2012 ወደቀ፤ የተከፈተውን በር ግን ማንም መልሶ አልዘጋውም። በ2010 የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተከፈቱ። የት? ማፉሺ ላይ! የእስር ቤቷ ደሴት የርካሽ ዕረፍት ዋና ከተማ ሆነች። ታሪክ ሲያሾፍ ደግሞ ለከት የለውም፦ በ2015 ናሺድ በሽብርተኝነት ተከሶ 13 ዓመት ተፈረደበትና የታሰረው እዚያችው ማፉሺ ነው። እንግዶች አሸዋው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ በሩን የከፈተላቸው መንግሥት መሪ በዚያችው ደሴት ሌላ ጫፍ ተቆልፎበት ነበር። ፍርዱ የተሰረዘው በ2018 ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን። በማፉሺና በመሰሎቿ ደህና ክፍል በሌሊት ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ይገኛል። ከማሌ የሕዝብ ጀልባው በጥቂት ዶላር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወስዶ ያደርሳል፤ ፈጣኗ ጀልባ በግማሽ ሰዓት ትደርሳለች፣ ዋጋዋ ግን እጥፍ ድርብ ነው። ሒሳብ ስትሠሩ ታክሱን አትርሱ፦ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የቱሪዝም ታክሱ 17 በመቶ ነው። ከ50 በማይበልጡ ክፍሎች ማረፊያ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ በሰው በቀን 6 ዶላር “አረንጓዴ ታክስ” አለ፤ ሪዞርቶቹ ላይ 12 ነው። ቪዛ? ለሁሉም ባይሆን ለአብዛኛው አገር ዜጋ ሲደርስ የ30 ቀን በነጻ ይሰጣል። አዎ፣ ለእኛም ጭምር፤ የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ቢያነበው አይፈረድበትም። የመመለሻ ቲኬት፣ የተያዘ ማረፊያና ከጉዞው በፊት ባሉት አራት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ያስፈልጋል። መንገዱ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ይገኛል። ዋጋ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ የእነሱም ክረምት ከኛው ጋር ይገጥማልና ዝናቡን ታግሳችሁ ነው።

ርካሹ ዕረፍት የሰው ሰፈር መግባት እንደሆነም እወቁት። አዛን ይሰማል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። መጠጥ የለም፤ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ጉምሩክ ይይዘዋል። ለመዋኛ ልብስ ተከልላ የተለየች የባሕር ዳርቻ አለች፤ ከእሷ ሲወጣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ኢብን ባቱታ ቢነሣ ያገሬዋ ለብሳ፣ እንግዳዋ ደግሞ እንድትለብስ በሰሌዳ ስትለመን አይቶ ግራ በተጋባ! ማረፊያ ቤቶቹም የተጠበቀውን ሁሉ አላመጡም። ክፍሉን የሚያጸዳው ብዙ ጊዜ የደሴቷ ልጅ ሳይሆን ከባንግላዴሽ የመጣ ስደተኛ ነው። ቤሩትና ዱባይ እህት ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ ለማንበብ አስተርጓሚ አንፈልግም። ማፉሺ ራሷም አሁን ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሐብሐብና ፓፓያ ወደምታመርተው ቶዱ ቢሻገር ይሻለዋል።

ቲኬት ስትቆርጡ የምትደርሱበትን ቀን ደግማችሁ ተመልከቱ። የሕዝብ ጀልባው በአብዛኛው ዓርብ አይሠራም።