የብረት ለበስ ውጊያና የወታደራዊ ትምህርት ጥያቄ፤ ከሆለታ እስከ ብላቴ ወንዝ (1927–1933 ዓ.ም.)

በሀገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ወታደራዊ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ተነጥሎ ይቀራል። ሆኖም በመሣሪያና በሠለጠነ የሰው ኃይል መካከል ያለው ግንኙነት በብረት ለበስ ውጊያ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ጉዳዩ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችንም የሚመለከት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ግንኙነት በሦስት ክንውኖች መመርመር ነው።

የመጀመሪያው የሆለታ ገነት ጦር ት/ቤት ነው። ት/ቤቱ በ1927 ዓ.ም. በሻምበል ቪኪንግ ታም በሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ሥራውን ጀመረ። ዕጩ መኮንኖቹ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ከሚያውቁ የዘመናዊ ት/ቤት ተማሪዎች የተመለመሉ ነበሩ፤ ይህም ወታደራዊ ትምህርት በመደበኛው ትምህርት መሠረት ላይ እንደሚታነጽ ያሳያል። ነገር ግን የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ሲጀምር ት/ቤቱ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ ጣርማ በር ዘመቱ።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በደምበጉና የተደረገው ውጊያ ነው። በዚያ ዕለት የራስ እምሩ ሠራዊት የኢጣልያንን ትናንሽ ታንኮች ገጥሞ ድል አደረገ። እነዚህ ሁለት ሰው የሚይዙ ታንኮች ዟሪ ማማ ስላልነበራቸው መትረየሳቸው የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነበር። መሬቱን የሚያውቀው ተዋጊ በጎንና በኋላ እየቀረበ፣ በድንጋያማው መንገድ ላይ መዞር ያቃታቸውን ታንኮች ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ስለ ታንክ በት/ቤት ያልተማረ ሠራዊት የመሣሪያውን ድክመት በአስተውሎት ለይቶ ነበር።

ሦስተኛው ለወላይታ ምድር የቀረበ ነው። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች በቁሊቶ አጠገብ የብላቴን ወንዝ ተሻግረው ሳሉ የኢጣልያ ታንኮች ድንገት አጠቋቸው። ሳጅን ናይጄል ሊኪ በአንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ማማውን ከፈተና ከነጂው በቀር በውስጡ የነበሩትን በሽጉጥ ገደላቸው። ታንኩን ቢማርክም መድፉን ሊያስተኩሰው አልቻለም፤ ወርዶ በእግሩ ሌሎቹን ታንኮች ሲያሳድድም ሕይወቱ አለፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ሶዶ ተያዘች።

ከእነዚህ ክንውኖች የምንረዳው ጀግንነት ታንክን ሊያቆም፣ ሊማርክም እንደሚችል፣ ሊያንቀሳቅሰውና ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ትምህርት ብቻ መሆኑን ነው። ታንክ የነጂ፣ የተኳሽ፣ የአዛዥና የጠጋኝ ዕውቀት በአንድነት የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ ይህን ዕውቀት በዘመቻ ዋዜማ ማዳረስ አይቻልም። የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የጎደላቸው ፈቃደኝነት ሳይሆን ጊዜ ነበር። ት/ቤት የሚከፈተው ችግሩ ከመድረሱ በፊት መሆን እንዳለበት ይህ ምሳሌ በቂ ማስረጃ ነው፤ ለእርሻም ሆነ ለኢንዱስትሪ ባለሙያ ሥልጠና ያው ነው።

በሶዶ፣ በገሱባና በአካባቢው የሚያስተምሩ የታሪክ መምህራንም የቁሊቶውን ውጊያ ከደምበጉናው ጋር አነጻጽረው ቢያስተምሩ፣ ተማሪው የሀገሩን ታሪክ በአቅራቢያው ካለው ወንዝና መንገድ ጀምሮ እንዲመረምር ይረዱታል።