ከከሳሽ ወንበር እስከ ተከሳሽ ሣጥን፤ የሒራኑማ ኪይቺሮ የሥልጣን ጉዞ

የመክሰስ ሥልጣንና አገር የመምራት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ተራ በተራ ሲገቡ ምን ይከተላል? ለዚህ ጥያቄ የጃፓን ታሪክ ካቆያቸው ምስክሮች አንዱ ሒራኑማ ኪይቺሮ ነው። ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሰዎችን በሞት አስቀጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገር መራ፤ በመጨረሻም ራሱ በዓለም አቀፍ ችሎት ፊት ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሒራኑማ በ1867 በትሱያማ ከተማ ከሳሙራይ ወገን ተወለደ። በዓመቱ የሜይጂ ለውጥ መጣና የሳሙራይ ወገን የቆየ መብቱን እያጣ ሄደ። ከእንግዲህ የሹማምንት ልጅ ማደጊያው ሰይፍ መሆኑ ቀርቶ ትምህርትና የመንግሥት ሥራ ሆነ። ሒራኑማም በቶክዮ በሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1888 ተመረቀና በፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ጀመረ። ሚኒስቴሩ ያን ጊዜ ከሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ያነሰ ክብር የነበረው ነው። ነገር ግን በ1909 አንድ የስኳር ኩባንያ ለምክር ቤት አባሎች ጉቦ መስጠቱ ተደርሶበት እንደራሴዎቹ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ ክሱን ከመሩት ዋነኛው ሒራኑማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፖለቲካ ሰዎች ዓቃቤ ሕግን መፍራት ጀመሩ።

ስሙ ከሁሉ ይልቅ የተያያዘው ግን በ1910 ከተነሣው የታላቁ ክሕደት ክስ ጋር ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ለፈንጂ መሥሪያ የሚሆን ነገር ይዞ ተገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ለመግደል ታስቦ ነበር ተባለ። ምርመራው እየሰፋ ሄዶ ሃያ ስድስት ሰዎች ተከሰሱ። ከእነዚህም መካከል ጋዜጠኛው ኮቶኩ ሹሱይ፣ የሺንጉ ከተማ ሐኪም የነበረው ኦኢሺ ሴይኖሱኬና የቡድሃ መነኩሴው ኡቺያማ ጉዶ ነበሩ። ዛሬ የታሪክ ጸሐፍት እንደሚስማሙበት፣ በእውነት ሤራ የጠነሰሱት ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጡም። የቀሩት ጥፋታቸው ጓደኝነትና ሐሳብ ነበር።

የወንጀል ሕጉ 73ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱን የጎዳ ብቻ ሳይሆን ለመጉዳት ያሰበም በሞት እንዲቀጣ ያዝ ነበር። ችሎቱ በዝግ ተካሄደ፤ ጉዳዩን ያየው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ ነበረ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ሒራኑማ ለክሱ ቆሞ ሲከራከር መሠረት ያደረገው የተከሳሾቹን እምነት ነው፤ የድርጊቱ መነሻ እምነታቸው ነው አለ። እጅ የሠራው በማስረጃ ይመዘናል፤ ልብ ያሰበው ግን በምን ይመዘናል? ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ አላነሣም። ጥር 18 ቀን 1911 ሃያ አራቱ ሞት ተፈረደባቸው። በማግሥቱ የአሥራ ሁለቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ተሰቀሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ሴት፣ ካንኖ ሱጋ፣ ነበረች።

ክሱ በዝግ ቢታይም ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዓይን አልተሰወረም። በጋዜጣ አራሚነት ይተዳደር የነበረው ወጣት ገጣሚ ኢሺካዋ ታኩቦኩ፣ ከተከሳሾቹ ጠበቆች አንዱ ከሆነው ከባለ ቅኔው ሒራይዴ ሹ ዘንድ የክሱን ወረቀት እየተዋሰ አነበበ፤ ኮቶኩ ከእስር ቤት ለጠበቆቹ የጻፈውንም ደብዳቤ በእጁ ገለበጠ። ታኩቦኩ በ1912 በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ፤ የገለበጠው ጽሑፍ ግን ቀረ።

ሒራኑማ በዚያው በ1912 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆነ። በ1914 የባሕር ኃይል መኮንኖች ከጀርመኑ ከሲመንስ ኩባንያ ጉቦ መብላታቸው ሲገለጥ የያማሞቶ ጎንቤ መንግሥት ወደቀ። ይሁን እንጂ በ1923 ያማሞቶ ሁለተኛ መንግሥት ሲያቆም የፍትሕ ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ይህንኑ ሒራኑማን ነው፤ ሰውዬው በመካከሉ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። በ1924 ኮኩሆንሻ የተባለውን የብሔረተኞች ማኅበር መሪ ሆነ። ጄኔራሎች፣ ዳኞችና ዓቃብያነ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡለት። በ1934 የቴይጂን ኩባንያ አክሲዮን ክስ የሳይቶን መንግሥት ሲጥል፣ ከክሱ በስተጀርባ የሒራኑማ ወገኖች አሉ ብለው የጠረጠሩ ብዙዎች ናቸው። ክሱ በ1937 ፍርድ ሲያገኝ ግን አሥራ ስድስቱም ተከሳሾች በነፃ ተለቀቁ። ዳኛው ክሱን ውሃ ላይ የወደቀ የጨረቃ ጥላ ለመጨለፍ ከመሞከር ጋር አመሳሰለው። መንግሥቱ ግን ከወደቀ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

በጥር 1939 ሒራኑማ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ጃፓን በቻይና ጦርነት ውስጥ ተዘፍቃ ነበር፤ በግንቦትም በሞንጎሊያ ወሰን በኖሞንሃን ከሶቭየት ጦር ጋር ውጊያ ተከፈተ። ምድር ጦሩ ከጀርመን ጋር የጦር ቃል ኪዳን እንዲታሰር አጥብቆ ሲሻ፣ ባሕር ኃይሉ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር መዋጋት ያስከትላል ብሎ እንቢ አለ። አምስቱ ዋና ዋና ሚኒስትሮች ከሰባ ጊዜ በላይ ተሰብስበው አልተስማሙም። በዚህ መሐል ነሐሴ 23 ቀን ጀርመን ከሶቭየት ኅብረት ጋር ያለመጠቃቃት ውል ተፈራረመች። ሰዎችን በልባቸው ሐሳብ የከሰሰው ሒራኑማ የወዳጁን አገር ሐሳብ ማወቅ ተሳነው። የአውሮፓ ሁኔታ ውስብስብና እንግዳ ሆነ ብሎ፣ ስምንት ወር ሳይሞላው ሥልጣኑን ለቀቀ።

ያነቃቃው ብሔረተኝነትም ለእርሱ አልተመለሰለትም። በነሐሴ 1941 አንድ አክራሪ ቤቱ ገብቶ በጥይት መታው፤ ቆስሎ ተረፈ። ነሐሴ 15 ቀን 1945፣ ጃፓን እጅ መስጠቷ በታወጀበት ዕለት፣ ሽንፈትን አንቀበልም ያሉ ሰዎች ቤቱን አቃጠሉት።

በ1946 የቶክዮ ችሎት ሲከፈት ሒራኑማ ከሃያ ስምንቱ ተከሳሾች አንዱ ሆኖ ቀረበ። ይህ ችሎት በግልጽ የተካሄደ ነው፤ ጠበቃ ነበረው፤ ምስክሮች ተሰምተዋል። እርሱ ግን ለራሱ የምስክርነት ቃል ሳይሰጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኅዳር 1948 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ1952 በሕመም ምክንያት ተለቆ በዚያው ዓመት ሞተ።

የ1911ን ፍርድ በተመለከተ፣ ከሞት የተረፈ አንድ ተከሳሽና የአንድ ሟች እኅት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ በ1961 አመለከቱ። ማመልከቻው በ1967 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ እንቢታ ተሰጠው። የሺንጉ ከተማ ግን በ2018 ለሐኪሟ ለኦኢሺ የክብር ዜግነት ሰጠች። ፍርድ ቤት የዘጋውን መዝገብ የአገር ሰው ሊከፍተው ይችላል። የሒራኑማ ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ የከሳሽ ቃል ለጊዜው ፍርድ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ሁልጊዜ የእርሱ አይደለም።