አየርላንዳውያን ስደተኞችና የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን

የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ ማለት ከውጭ የመጡ ሰዎች የነባሩን ሕዝብ መሬት ለዘለቄታው ይዘው፣ ባለቤቱን ገፍተው የራሳቸውን ኑሮ የሚተክሉበት አገዛዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንዳውያን በአገራቸው ከመሬታቸው የተነቀሉ፣ በሰው አገር ደግሞ ሌላውን በመንቀል የተካፈሉ ሕዝብ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ግን በወታደርነት፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ነው።

አብዛኛው የአየርላንድ ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ርስቱን ባለፉት ዘመናት ወርሰው የያዙት ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ የመጡ ባለመሬቶች ሲሆኑ፣ ድኃው በቁራሽ ማሳ ላይ በሚያበቅለው ድንች ይኖር ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. ቅጠሉን አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብስ የድንች በሽታ ገባ፤ ዛሬ በፋርጣና በጉና ደጋ ድንች የሚተክል ገበሬ ይህን በሽታ በሚገባ ያውቀዋል። እስከ 1852 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በእነዚያ ዓመታት እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም ነበርና ረሃቡን የተፈጥሮ ቁጣ ብቻ ማለት እውነቱን መሸፈን ነው።

ሥራ ያጣ ወጣት ለደመወዝና ለቀለብ ሲል ወታደር ቤት ይገባ ነበር። በ1830 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ተራ ወታደሮች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት አየርላንዳውያን ነበሩ። በቴዎድሮስ ላይ ዘምቶ እስከ ምሽጋቸው እስከ መቅደላ አምባ የደረሰው 33ኛው ክፍለ ጦርም ብዙ አየርላንዳውያን ነበሩበት።

ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። መድፉን የሠሩት የጋፋት አውሮፓውያን በንጉሡ ፈቃድና ትእዛዝ የሚኖሩ ሚሲዮናውያንና ባለሙያዎች እንጂ መሬት ቀምተው የሰፈሩ አልነበሩም። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲያጠቃ ጄምስ በርጊን የተባለ ረጅም ወታደር በሳንጃው የእሾሁን አጥር ሰነጠቀ፤ ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር ትከሻው ላይ ወጥቶ በቀዳዳው ከገባ በኋላ እሱንም ጎትቶ አስገባው። ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች ነበሩ፤ ለዚህ ሥራቸው ቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን ተሸለሙ። ንጉሡ በዚያው ቀን ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ መቅደላን ዘርፎና አቃጥሎ ወጣ እንጂ አልሰፈረም።

በርጊን በ1880 እ.ኤ.አ. ፑና፣ ሕንድ ውስጥ ሞተ። ማግነር በ1897 እ.ኤ.አ. የሞተው ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። ከተማዋ የቆመችበት ምድር የኩሊን ሕዝቦች ነበር፤ ብዙዎቹ በበሽታ፣ በግድያና በመፈናቀል አለቁ። ሜልቦርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት የነበረው የቻርልስ ጋቫን ደፊ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። ደፊ በአየርላንድ ለጭሰኞች መብት የታገለ፣ በመንግሥት ላይ በማሳደም ተከሶ ደጋግሞ ፍርድ ቤት የቀረበ ጋዜጠኛ ነበር። ወደ ቪክቶሪያ ከተሰደደ በኋላ በ1862 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራውን የመሬት ሕግ አስወጣ፤ በ1871 እ.ኤ.አ. የቅኝ ግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ለድኃ ሰፋሪዎች ሊያከፋፍል የታገለለት መሬት ባለቤት ነበረው፤ ሕጉ ግን ያንን ባለቤት አልቆጠረውም። ረሃብ ስደትን ያስረዳል፤ የሌላውን ርስት መውሰድን ግን ትክክል አያደርገውም።

በአሜሪካ ከምድራቸው በግድ የተባረሩት ቾክታዎች በ1847 እ.ኤ.አ. ለተራቡት አየርላንዳውያን ገንዘብ አዋጥተው ልከዋል። በኋላ ግን ብዙ አየርላንዳውያን ስደተኞች ነባር ሕዝቦችን በወጋው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ተሰለፉ።

የሰፋሪ ቅኝ አገዛዝ ወደ እኛ አካባቢ የመጣው በጣሊያን በኩል ነው። በኤርትራ ደጋ ለጣሊያን ገበሬዎች ተብሎ መሬት ሲወረስ ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ሸፍተው ሐላይ ላይ ወደቁ፤ በቀጣዩ ዓመት የዐድዋ ድል የሰፈራውን ዕቅድ ገታው። በ1930 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን ፋሺስቶች ከአገራቸው ከሮማኛ አውራጃ ያመጧቸውን ገበሬዎች ወገራ ላይ ማስፈር ጀመሩ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሸነፉ የሰፈራው ዕቅድም አብሮ አበቃ።