የዶክተር ማሪያ ልጅ

በአዲስ አበባ ከሰፈር ሰፈር ለሚዘዋወር ሰው «ሞንተሶሪ» የሚል ቃል የተጻፈበት የመዋዕለ ሕፃናት ሰሌዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ ያስገባል፤ ወርኃዊ ክፍያውን ይከፍላል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልገጠመኝም። አንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የአገር ስም። ነገሩ የሰው ስም ነው። ያውም የሴት፣ ያውም የሐኪም፣ ያውም የገዛ ልጇን በእቅፏ ለማሳደግ ያልቻለች እናት ስም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ እኔም በሙያዬ ሐኪም፣ በቤቴ የሁለት ልጆች እናት መሆኔ ነው። ስለ ቀደምት ሴት ሐኪሞች የተጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልብኛል። የትኛዋ ሴት፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች የሚለው በሚገባ ተመዝግቧል። እሷ በሽተኛ ስትመረምር ልጇን ማን ይዞላት ነበር የሚለው ግን፣ ቢገኝም በግርጌ ማስታወሻ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ማሪያ ሞንተሶሪ በ1870 ኪያራቫሌ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደች። በዚያ ዘመን የተማረች ሴት ብትደርስ ብትደርስ መምህርት ነው የምትሆነው። እሷ ግን ሕክምና ካልተማርኩ ብላ ሮም ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር ሆና የራቁት አስከሬን ማየቷ ነውር ነው ስለተባለ፣ የአስከሬን ትምህርቷን ወንዶቹ ከወጡ በኋላ አምሽታ፣ ብቻዋን ነበር የምታጠናው። የአናቶሚ ክፍልን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በሐምሌ 1896 በሐኪምነት ተመረቀች። ኢጣሊያ በአድዋ ድል ተመትታ አንገቷን በደፋችበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። መስከረም ላይ በርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ አገሯን ወክላ ተገኘች፤ ሴት ሠራተኛ ከወንዱ እኩል ደመወዝ ይገባታል ብላም ተናገረች። ጋዜጦቹ ከንግግሩ ይልቅ ስለ መልኳና ስለ አለባበሷ አብዝተው ጻፉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1898 መጨረሻ፣ ይህችው ሐኪም በምስጢር ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙ ማሪዮ ተባለ። አባቱ በአእምሮ ሕክምና ሥራ ባልደረባዋ የነበረው ዶክተር ጁዜፔ ሞንቴሳኖ ነው። ሁለቱ አልተጋቡም። ለምን ቢባል ታሪኳን የጻፉት ሰዎች የተለያየ ምክንያት ይሰጣሉ። የቤተሰብ ተቃውሞ ነበረ የሚሉ አሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የዘመኑ ወግ ነው። ካገባች ሙያዋን ትታ እቤቷ መቀመጥ ሊኖርባት ነው። ሳታገባ መውለዷ ከታወቀ ደግሞ ስሟ ይጠፋል፤ ስሟ ከጠፋ ማን በሽተኛውን ያመጣላታል? ስለዚህ ሕፃኑ ከከተማ ወጣ ብላ ለምትኖር አጥቢ ሴት ተሰጠ። ማሪያ አልፎ አልፎ እየሄደች ታየዋለች። ልጁ ግን «የምትጠይቀኝ ሴትዮ» እንጂ «እናቴ» ብሎ አያውቃትም። ማሪያና ሞንቴሳኖ ሌላ ሰው ላያገቡ ቃል ተገባብተው ነበር ይባላል፤ ሞንቴሳኖ ግን በ1901 ሌላ ሴት አገባ። ማሪያም ሁለቱ አብረው ይመሩት የነበረውን የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ላለባቸው ሕፃናት የቆመ ተቋም ትታ ወጣች። እሱ በሥራው ቀጠለ።

«እንዴት አንዲት እናት ልጇን ለባዳ ትሰጣለች!» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ለእሷ ብቻ መቅረቡ ግን አይዋጥልኝም። ዶክተር ሞንቴሳኖን «እንዴት አንድ አባት!» ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላነበብኩም።

ጥር 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር አንድ የሕፃናት ቤት ተከፈተ። አጀማመሩ እንግዲህ የሚያስገርም ነው። የሰፈሩን ሕንፃዎች ያደሰው ኩባንያ አንድ ችግር ገጠመው፤ አባትና እናት ለሥራ ሲወጡ ሕፃናቱ ብቻቸውን እየቀሩ አዲሱን ግድግዳና ደረጃ አበላሹት። ከቀለም ቅቡ ኪሣራ ሞግዚት መቅጠር ይረክሳል ተባለና ዶክተር ማሪያ ተጠራች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሟ የሚጠራው ትምህርት የተጀመረው በዚህ ሒሳብ ነው። በዚያው ዓመት ባደረገችው ንግግር፣ እስከዚያ ጊዜ ልጇን በሞግዚት እጅ ትታ የምትወጣው ባለጸጋ ሴት ብቻ እንደነበረች፣ አሁን ግን የሠራተኛው ሚስትም ያንኑ ለማለት እንደበቃች አመለከተች። የእናትነትን ሸክም ማኅበረሰቡ በጋራ ይሸከመው ማለቷ ነበር። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቤቱ በተከፈተ ዕለት ማሪዮ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ያህል ቀርቶታል።

ለመሆኑ በዘመኑ ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበር። እንግሊዛዊቷ ኤልዛቤት ጋሬት በ1865 የሐኪምነት ፈቃድ አገኘች፤ በ1871 ጄምስ አንደርሰን የሚባል የመርከብ ድርጅት ባለቤት አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች፤ አንዷ በሕፃንነቷ ሞተችባት። ሥራዋን ግን አላቋረጠችም። ለሴቶች ያቋቋመችውን ሆስፒታልም፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱንም መርታለች። ትልቋ ልጇ ሉዊዛ ራሷ ቀዶ ሐኪም ሆና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ውስጥ በሴቶች የሚመራ ወታደራዊ ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ነበረች። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የጉብዝና አይመስለኝም። ኤልዛቤት ሥራሽን ተዪ የማይል ባል፣ ገንዘብና የቤት ሠራተኞች ነበሯት።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ልጁን የሚይዘው ማን ነው? አያት ናት፤ አክስት ናት፤ ከገጠር የመጣች ዘመድ ናት። ተረኛ ሆኜ ሳድር ሁለቱንም ልጆቼን የያዘችልኝ እናቴ ናት። የመጀመሪያዋን ልጄን አጠባ በነበረበት ጊዜ እሠራበት በነበረ ሆስፒታል ጡቴን የማልብበት ክፍል ስላልነበረ፣ መጸዳጃ ቤት በሬን ዘግቼ አልቤ፣ ወተቱን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ቤት እልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2003 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ የ2019ኙ አዋጅ የኋላውን ወደ 90 ከፍ አደረገው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዛል። መልካም ነው። ይሁንና እኔ ያየኋቸው ማቆያዎች የሚዘጉት የቢሮ ሠራተኛ ሲወጣ ነው፤ የሐኪሟና የነርሷ የሌሊት ተራ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

አያት የሌላት ደግሞ ሞግዚት ትቀጥራለች። እዚህ ላይ ስለ ማሪዮ አጥቢ ማንሣት ግድ ይለኛል። የምታጠባ ሴት የወለደች ሴት ናት። የሐኪሟን ልጅ ስታጠባ የራሷ ልጅ የት ነበር? ታሪኩን የጻፉት አይነግሩንም። በእኛም ከተማ የሐኪሟን ልጅ አዝላ የምታስተኛዋ ሴት የራሷን ልጅ ገጠር ለእናቷ ትታ የመጣች ስትሆን አይቻለሁ። ይህን እያወቅን ስለ ሴቶች ወደፊት መራመድ ስናወራ ድምፃችንን ትንሽ ዝቅ ብናደርግ አይከፋም።

ወደ ማሪዮ ልመለስና ታሪኩን ልጨርስ። የማሪያ እናት በ1912 መጨረሻ ሞቱ። በተከታዩ ዓመት፣ ልጁ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ልትጠይቀው የመጣችውን ሴት «እናቴ መሆንሽን አውቃለሁ» ብሏት አብሯት እንደሄደ ይነገራል። ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። ስሟን ወሰደ፤ የሥራዋ ቀኝ እጅም ሆነ፤ በ1929 የተመሠረተውን ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቆሙትም አብረው ነው። ለሰው ግን ለብዙ ዓመታት የወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ እየተባለ ሲተዋወቅ ኖረ፤ ማሪያ ወንድምም እህትም እንዳልነበራት ልብ ያለው ያለ አይመስልም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕንድ አገር ሳሉ ደረሰባቸው። ኢጣሊያ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ እንግሊዞች ማሪዮን የጠላት አገር ሰው ነው ብለው አሰሩት። ነሐሴ 31 ቀን 1940፣ ማሪያ 70 ዓመት በሞላት ዕለት፣ ልጇን የልደት ስጦታ አድርገው እንደፈቱላት ይተረካል።

ማሪያ ሞንተሶሪ በግንቦት 1952 ሆላንድ ውስጥ ኖርድቫይክ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሞተች። በኑዛዜዋ ላይ ማሪዮን «ልጄ» ብላ ጽፋለች። ማሪዮ ያን ጊዜ 54 ዓመቱ ነበር፤ እሱም የአራት ልጆች አባት ነው።