የጅቡቲ መንግሥትና የነዳያን ጥናት

በጅቡቲ ከተማ ነዳያንን መርዳት የቆየ ልማድ ነው፤ የመስጊዱ ዘካ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምጽዋት፣ የጎሣ ዘመዳሞች መደጋገፍ ሳይቋረጥ ኖሯል፤ የድህነትን ምክንያት በመንግሥት ገንዘብ መርምሮ በመዝገብ ማስፈር ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደጎል ወደ ከተማይቱ በመጡ ጊዜ ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ የቅኝ ገዥው መንግሥት ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው ለማገድ ከተማይቱን በእሾህ ሽቦ አጥሯት ነበርና፣ መግባት የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ማዶ በእንጨት፣ በቆርቆሮና በጨርቅ ጎጆ እየቀለሰ የባልባላን ሰፈር አስፋፋ። ያ መንግሥት ሰውን ለማገድ የተጋውን ያህል ኑሮውን ለማወቅ አልተጋም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል።

በ1977 ነጻነት ከተገኘ በኋላ አገሪቱ የራሷን የጥናትና ምርምር ተቋም አቆመች፤ ቤተሰቦችን እየዞረ የሚጠይቀው የኑሮ ጥናት ግን በ1996 ተካሂዶ በ2002 ተደገመ። ውኃው ከወዴት እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ ይማሩ እንደሆነ፣ ለእህል ምን ያህል እንደሚወጣ በመጠየቅ የሚገኘው መልስ ለመንግሥት ከብዙ ግምት የተሻለ ምስክር ነው፤ በ2007 የታወጀው አገር አቀፍ የማኅበራዊ ልማት ዕቅድም የተነሣው ድህነቱ በዚህ ዓይነት ከተገለጠ በኋላ ነበር።

በጎዳና የሚያድሩት ስደተኛ ሕፃናት ግን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው፣ ቤት ለቤት በሚዞር መዝጋቢ በቀላሉ አይገኙምና፣ የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ለእነርሱ የተለየ የጥናት ገንዘብ እንዲመድቡ አጥብቀን እንለምናለን።