ዘሩ አልከዳም፣ ገበያው ከዳ፦ የቡሬ በቆሎ ታሪክ

በነሐሴና በመስከረም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ፈረሰኛ የሚደብቅ በቆሎ ነው። ሲያዩት አገሩ ከጥንትም እንዲህ የነበረ ይመስላል። አልነበረም። የምዕራብ ጎጃም ማሳ የሚታወቀው በጤፍ፣ በዳጉሳና በኑግ ነበር፤ በቆሎ በብዙ ቤት የጓሮ እሸት ነው። ማሳውን ከለወጡት ዋነኛው አንድ ዘር ነው፤ ቢ ኤች 660።

ዘሩ የተወለደው በባኮ የምርምር ማዕከል ነው። "ቢ ኤች" ማለትም "የባኮ ድቅል" ማለት ነው። ቤንቲ ቶለሳን የመሳሰሉ የበቆሎ ተመራማሪዎች ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ለጎጃም ሰው ፍሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልጁን ሲድር ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ፣ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ዘር እንደሚደክም ያውቃል። በቆሎም እንደዚያው ነው። የቢ ኤች 660 አንዱ ወገን ከኬንያዋ ኪታሌ የመጣ ሲሆን፣ ሌላው የዘር ሐረጉ ከደቡብ አሜሪካዋ ኢኳዶር ደጋ ይመዘዛል። የሩቅ ለሩቅ ጋብቻው ብርቱ ልጅ ወለደ። ችግሩ ይህ ብርታት በልጅ ልጅ ላይ መድከሙ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ከጎተራው ዘር መምረጡ ቀርቶ በየዓመቱ መግዛት ነበረበት።

ዘሩ እ.ኤ.አ በ1993 ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ኖርማን ቦርሎግና ጂሚ ካርተር የቆሙለት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ኢትዮጵያ ገባ። ግማሽ ሄክታር ማሳ፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የቅርብ ክትትል፤ አሠራሩ ይኸው ነበር። በሄክታር ከ20 ኩንታል ብዙም የማያልፈው በቆሎ በሠርቶ ማሳያው ላይ 50 ኩንታል ገደማ ሰጠ። መንግሥት ውጤቱን አይቶ እ.ኤ.አ በ1995 ፓኬጁን አገር አቀፍ አደረገው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ለሚበቅለው ለዚህ ዘር ቡሬና ጃቢ ጠህናን የተመቹ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን መማሪያ ሊሆን የሚገባው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 እና በ2002 መጀመሪያ ምርቱ ተትረፈረፈ፣ ዋጋው ከግማሽ በላይ ወደቀ። የማዳበሪያና የዘር ዕዳ የሚከፈለው በመኸር ማግስት፣ እህል በሚረክስበት ሰዓት ነው። ገበሬው አምርቶ ከሰረ። በቀጣዩ ክረምት ብዙው ገበሬ ማዳበሪያውንም ምርጥ ዘሩንም ቀነሰ። ዝናቡም በዚያው ዓመት ከዳ። እ.ኤ.አ በ2003 ከ12 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከጥጋብ እስከ ረሃብ የነበረው ርቀት አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የባኮ ሰዎች ነበር? አይደለም። የተጠየቁት ምርት ነው፤ ምርት ሰጡ። የተሳሳተው ስኬትን በኩንታል ብቻ የለካው ፖሊሲ ነው። መጋዘን፣ መንገድ፣ ገዥና የብድር መመለሻ ጊዜ የዘሩ አካል መሆናቸው ተረሳ። ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረመድኅን ይህንኑ እንቆቅልሽ አንስታ የሞገተችለት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ በ2008 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያገበያየው እህል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ። የቡሬ በቆሎ ወደ ቀድሞ ነጋዴው ተመለሰ።

ሁለተኛው ትምህርት ከአየር ንብረት ጋር የተያያዘ ነው። ቢ ኤች 660ን ሊተካ የሚችለው ቢ ኤች 661 የተለቀቀው እ.ኤ.አ በ2011 ነው፤ ከ18 ዓመት በኋላ። አዲሱ ዘር የኢኳዶሩን ወላጅ እንደያዘ፣ ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል የመጡ ሌሎች ወላጆች ተጨመሩለት፤ የዝናብ እጥረትንም የማዳበሪያ ማነስንም ከቀደመው በተሻለ ይቋቋማል። 18 ዓመት ግን ረጅም ነው። ሰማዩና በሽታው በየዓመቱ እየተለወጡ ብዙ ወረዳ በአንድ ዘር ላይ መተኛቱ፣ እንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ከማስቀመጥ አይለይም።

ሦስተኛው ከእግር በታች ያለው ነው። የጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥርን ያቀጭጫል፣ ፎስፈረስም ስለሚታሰር ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ለተክሉ አይደርስም። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔውን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ኖራ። ነገር ግን ኖራ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ሸክም ነው፤ ማን ያምጣው፣ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ የሳይንስ ሳይሆን የበጀት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ወጥተው ነበር። ያ ጩኸት የፖለቲካ ዜና ሆኖ አለፈ እንጂ የዚህ የ30 ዓመት ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነበር። ገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተጠቀም ሲባል ተጠቅሟል። የጎተራውን ዘር ትቶ ወደ ገበያ የገባው በመንግሥት ቃል ነው። ተመራማሪው ድርሻውን ሠራ፣ ገበሬውም ሠራ። ቃሉን ገና ያልፈጸመው ሦስተኛው ወገን ነው።