በጅቡቲ የሚጎበኙ ስፍራዎች አመራረጥ

ጅቡቲ 23 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ አገር ብትሆንም፣ ለሥራ ወደዚያ የሚያቀና ተጓዥ በትርፍ ቀናቱ ሁሉንም ስፍራ ማዳረስ ይሳነዋል። በመሆኑም ምርጫው በቀናቱ ብዛትና በወቅቱ ላይ ሊመሠረት ይገባል።

አንድ ቀን ብቻ ያለው አሳል ሐይቅን ቢያስቀድም ይመረጣል። ዳርቻው በጨው የተሸፈነው ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው።

ሁለት ቀን ያለው በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የሚገኘውን አቤ ሐይቅ ሊጨምር ይችላል። የአዋሽ ወንዝ መዳረሻ የሆነው ሐይቅ በኖራ ድንጋይ ዓምዶቹ ይታወቃል። ዓምዶቹ ጎልተው የሚታዩት ማለዳ በመሆኑ በአካባቢው ማደር ያስፈልጋል።

ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ስለሚበረታ ሁለቱንም ሐይቆች ከኅዳር እስከ የካቲት መጎብኘት የተሻለ ነው። በሙቀቱ ወራት የሚሄድ ግን በጎዳ ተራሮች የሚገኘውን ነፋሻማውን የዳይ ደን ቢመርጥ ይበጀዋል።